የቀየርኳቸው ሰላሳ አንድ መልሶች

ቡታጅራ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሰልሚያ፣

አሰላሙ አለይኩም። እማ ደህና ናት፤ አባም ደህና ነው። ይህን ያስቀደምኩት ፖስታውን ስታዪ ልብሽ ድንግጥ እንዳይል ነው። ከቤታችን ለማንም ደብዳቤ ተጽፎ አያውቅም። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፤ ሦስቴም «ጅማ ዝናቡ እንዴት ነው?» ብዬ ዘጋሁት። ድምፅሽን ስሰማ አፌ ሌላ ነገር ያወራል። ወረቀት ይሻለኛል።

አንድ አዲስ ወሬ አለኝ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ አሮጌውን ልበለው። አንቺ የምታውቂው፣ እኔ ግን አንድም ቀን ተንፍሼው የማላውቀው ነገር ነው።

ሰልሚያ፣ እኔ እቀናብሻለሁ። ትንሽ አይደለም። ሰው «ታናሽሽ እንዴት ናት?» ሲለኝ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ፤ ከምላሴ በታች ያለውን ግን አላህ ብቻ ነው የሚያውቀው።

እኔ አስራ ሁለተኛን የተፈተንኩት ተማሪው ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተን በጀመረበት ዓመት ነው። ከክፍላችን ያለፈው አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እኔ ለሪሚዲያል እንኳን አልበቃሁም። ሰፈሩ ሁሉ «አይዞሽ፣ አገር ነው የወደቀው» አለኝ። እውነት ነው፣ አገር ነበር የወደቀው። ግን አገር እንደኔ በማግስቱ ቁጭ ብሎ በርበሬ ሲቀነጥስ አላየሁም። አባ በሳምንቱ፣ «ለእያንዳንዱ አላህ የጻፈለት አለ። አንቺ ወፍጮውን ያዢልኝ፤ እጅሽ ሚዛን ያውቃል» አለኝ። ሊያመሰግነኝ ነው ያለው። እኔ ግን በር ሲዘጋ ነው የሰማሁት።

ከዚያ ያንቺ ተራ ደረሰ። አስራ ሁለተኛ ስትገቢ ቤቱ ሁሉ ላንቺ ተገለበጠ። የጓሮውን ክፍል ብቻሽን እንድትይዢው የኔ አልጋ ወደ እማ ክፍል ሄደ። ጠዋት ጠዋት እንቁላል ይቀቀልልሻል። ሳቅ ካልኩ እማ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ «ሰልሚያ እያጠናች ነው!» ትላለች። እኔ ባጠናሁበት ዓመት ማን ዝም እንዳለልኝ ለማስታወስ ብዙ ሞከርኩ። ያን ዓመት እንግዳ በዝቶብን፣ ለእንግዳው ምግብ የማቀርበው እኔ ነበርኩ።

ያን የጥያቄ መጽሐፍ ይዘሽ የመጣሽበት ቀን እስካሁን ትዝ ይለኛል። ወፍራም፣ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ የተጠረዘ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ አፕቲትዩድ፣ ሁሉም በአንድ ላይ። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ስር አራት ምርጫ፤ መልሱ ሁሉ ደግሞ መጨረሻ ላይ ባሉት ስምንት ገጾች ተደርድሯል። እነዚያን ገጾች ራስሽ በጥንቃቄ ገንጥለሽ ሰጠሽኝ።

«ዘይቢ፣ መልሱን አንቺ ያዢልኝ። እኔ ጋ ካለ አላስችለውም፣ አየዋለሁ። ካንቺ በላይ የማምነው ሰው የለም» አልሽኝ።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ወፍጮው ሰው ሲቀንስለት፣ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ትዪና ጥያቄውን ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ። እኔ በርበሬ እየቀነጠስኩ እሰማለሁ። ምርጫሽን ትናገሪያለሽ፤ እኔ ገጹን አይቼ «ልክ ነሽ» ወይም «ተሳስተሻል» እላለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበርሽ። አንድ የማታውቂው ነገር ግን አለ። አንቺ ከመመለስሽ በፊት እኔም በሆዴ እመልስ ነበር። መጀመሪያ ላይ ከአስሩ ሦስቱን አገኛለሁ። ቆይቶ አምስቱን። አንድ ቀን ሰባት አገኘሁና የምነግረው ሰው አጣሁ።

ክፋቱ የጀመረው የፊዚክሱ ቲቸር ሽባባው በርበሬ ሊያስፈጭ የመጣ ቀን ነው። አንቺ አልነበርሽም። አባ ወንበሩን በእጁ ጠርጎ አስቀመጠው። «ጋሽ አብዶ፣ ይቺ ልጅህ ሰልሚያ የትም ትደርሳለች። እንደሷ ዓይነት በአስር ዓመት አንዴ ነው የሚገጥመኝ» አለው። አባ አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። እኔ በርበሬው እንዳያስነጥሰኝ ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ ሚዛኑ ጋ ቆሜ ነበር። ሰውዬው ወደኔ ዞር አለና፣

«ሠራተኛ ቀጠርክ እንዴ? ጎበዝ ናት» አለ።

ሁለት ዓመት ያስተማረኝ መምህር ነው፣ ሰልሚያ። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጫለሁ። አባ «ኧረ ልጄ ናት፣ ትልቋ!» ብሎ ሳቀ፤ ቲቸርም አፈረ፣ ይቅርታም ጠየቀኝ። ሻሹን አልገለጥኩለትም። በርበሬውን መዝኜ ሰጠሁት፣ ሄደ።

በዚያው ቀን አስር ሰዓት ላይ መጥተሽ የፊዚክሱን ጥያቄ አነበብሽ። አንድ ኳስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ፤ ጫፍ ላይ ደርሶ ለቅጽበት ቀጥ ሲል አክስለሬሽኑ ስንት ነው?

«ቢ!» አልሽ ወዲያው። «ኳሱ ቢቆምም መሬት መሳቧን አታቆምም። ወደ ታች ዘጠኝ ነጥብ ስምንት።»

ገጹን አየሁት። ቢ ይላል። እኔም በሆዴ ቢ ብዬ ነበር።

«ተሳስተሻል። ኤ ነው» አልኩሽ።

«ዜሮ? እንዴት ዜሮ ይሆናል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ኤ ነው የሚለው።»

ግንባርሽን ቋጠርሽ። ከዚያ ደብተርሽን አውጥተሽ «ለካ ሲቆም ሁሉም ነገር ይቆማል» ብለሽ ጻፍሽ። ያልኩሽን ውሸት እውነት ለማድረግ ራስሽ ምክንያት ፈጠርሽለት። ያን ስትጽፊ አንገትሽን እያየሁ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ደስ አለኝ። ከወደቅኩ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እዚህ ላይ ብዋሽሽ ደብዳቤው ምንም አይረባም።

በማግስቱ አንድ ደገምኩ። በሳምንቱ በቀን ሁለት ሦስት ሆነ። ከኬሚስትሪ፣ ከባዮሎጂ፣ ከሒሳብም። ሁሉንም አልቀይርም፤ ሁሉንም ብቀይር ትነቂ ነበር። ሰላሳ አንድ ናቸው። ቁጥሩን የማውቀው እየቆጠርኩ ስለነበር ነው። አንቺ እየከሳሽ ሄድሽ። «ዘይቢ፣ የማውቀውን ሁሉ እየረሳሁ ነው መሰለኝ» አልሽኝ አንድ ቀን፣ ዐይንሽ እንባ አቅርሮ። «አይዞሽ፣ ድካም ነው» አልኩሽ። ሻይ ቀዳሁልሽ።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። ክፍል ውስጥ ቲቸር ሽባባው የኳሱን ጥያቄ ጠይቆ አንቺ ተነስተሽ «ዜሮ» አልሽ። ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ «ማን ነው ያለሽ?» አለሽ። «መጽሐፉ» አልሽ። «መጽሐፉ እንዲህ አይልም፤ የመልሱን ገጽ ነገ አምጪና እንየው» አለሽ። ይህን ሁሉ እያለከለክሽ መጥተሽ ነገርሽኝ፤ ከትምህርት ቤት ሮጠሽ ነው የመጣሽው።

«ገጾቹን ስጪኝ ዘይቢ፣ ላሳየው። ስህተቱ የማተሚያ ቤቱ ይሆናል።»

ገጾቹ ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ነበሩ። ጭኔን ሲነኩኝ ይሰማኛል። እኔ ግን፣

«ውይ ሰልሚ! ለአንዲት የመስቃን ሴትዮ በርበሬ ስጠቀልል ሳላውቅ አብሬ ሰጠኋቸው። ትናንት ነው። እንዴት ልንገርሽ ብዬ ተጨንቄ ነበር» አልኩሽ።

ረጅም ጊዜ አየሽኝ። ትጮሂያለሽ ብዬ ጠበቅኩ። አንቺ ግን ቦርሳሽን አንስተሽ ወደ ቤት ገባሽ። እኔም ያን ቀን ማታውን ስምንቱንም ገጽ ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው።

በማግስቱ አስር ሰዓት ላይ እንደልማድሽ መጥተሽ ማዳበሪያው ላይ ተቀመጥሽ።

«መልስ ከሌለን ራሳችን እንሥራው» አልሽ። «እኔ መልሴን ከነምክንያቱ እናገራለሁ፤ አንቺም የራስሽን ትናገሪያለሽ። ሁለታችን ካልተስማማን ወደሚቀጥለው አንሄድም።»

«እኔ? እኔ የወደቅኩት?»

«አንቺ» አልሽ፤ እስክሪብቶ ሰጠሽኝ።

እምቢ ለማለት ምን ምክንያት ነበረኝ? ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ፈተናሽ ድረስ ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ሠራን። እየተከራከርን። አንዳንዴ ደንበኛ መጥቶ እስክንጨርስ ቆሞ ይጠብቀናል። ሴል ውስጥ ኃይል የሚመረትበትን ቦታ እኔ ቀድሜሽ መለስኩ። በፕሮባቢሊቲ ደግሞ ሁለቴ አረምኩሽ። ባረምኩሽ ቁጥር አንቺ ታጨበጭቢያለሽ፤ እኔ ደግሞ ጭብጨባሽን እጠላዋለሁ። ታላቅ ሆኜ ታናሽ የምታጨበጭብልኝ ነገር አልዋጥልኝ አለ።

ወልቂጤ ሄደሽ ተፈተንሽ። ውጤት የወጣ ቀን አባ ሞተሩን በእኩለ ቀን አጠፋው። የሰውን እህል ቋት ውስጥ እንዳለ ትቶ «አራት መቶ ሰላሳ አንድ! ከስድስት መቶ!» እያለ መንገድ ወጣ። ጎረቤቱ ሁሉ «ማሻአላህ» እያለ ግቢያችንን ሞላው። እኔ ከወፍጮው ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ጎረቤታችን ዘነበወርቅ አይታኝ አቀፈችኝ። «የደስታ እንባ ነው፣ የኔ እናት፤ የእህት ነገር!» አለች። አንገቴን ነቀነቅኩላት። ያን ቀን ስንት ሰው በእንባዬ አመሰገነኝ!

ጅማ ልትሄጂ መነኻሪያ የሸኘሁሽን ጊዜ ደግሞ አንቺም የምትረሺው አይመስለኝም። አባ ሻንጣሽን ሊያስጭን ሲሄድ ክንዴን ያዝሽኝ።

«ዘይቢ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትቆጪ። ቲቸር ሽባባው ያ መጽሐፍ አለው። በርበሬ ጠቀለልኩበት ባልሽኝ በማግስቱ መልሶቹን ከሱ ላይ አይቼ ደብተሬ ላይ ከጻፍኳቸው ጋር አስተያየኋቸው።»

የመኪናውን ጎማ እያየሁ ቆምኩ።

«ሰላሳ አንድ ናቸው» አልሽ። «መጀመሪያ በጣም ተናደድኩ። ለአባ ልነግረው ነበር። ከዚያ አንድ በአንድ ሳያቸው የማታውቂውን አንድም አልቀየርሽም። አብረን ስንሠራ የሚከብዱሽን አይቻለሁ፤ እነሱን ሁሉ በትክክል ነው ያነበብሽልኝ። የቀየርሽው የሚገባሽን ብቻ ነው። ልክ መሆኔን ሳታውቂ ልታሳስቺኝ አትችዪም ነበር። አንቺ ያኔ ወደቅሽ እንጂ ደንቆሮ አይደለሽም። በግል ተመዝገቢና ተፈተኚ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግርሽ ላይ ይወድቅ ነበር። እኔ ምን እንዳልኩሽ ታስታውሻለሽ። «መኪናው ሊሄድብሽ ነው» አልኩሽ። ሳምሽኝ፤ እኔ መልሼ አልሳምኩሽም። ወደ ቤት በእግሬ ስመለስ ውስጤ ቅጥል ይላል። ውጤቱን ወሰድሽ፣ አባን ወሰድሽ፣ ይቅር ባይነቱንም አንቺው ወሰድሽው። ለኔ የቀረልኝ በዳይነቱ ብቻ ነበር። ሰው በእህቱ ደግነት ይቀናል? እኔ ቀናሁ። ሁለት ወር ሙሉ ሁሉንም እያወቅሽ እስክሪብቶ ስታቀብዪኝ እንደነበር ሳስብ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ግን ተመዘገብኩ። ለእልህ ነው የተመዘገብኩት፤ «ሰልሚያ ስላለችኝ» ላለማለት ሁለት ሳምንት ቆይቼ ነው የሄድኩት። ለእማ ብቻ ነገርኳት። እማም ለአባ ሌላ ምክንያት እየፈጠረችለት ዓመቱን ገፋችው። ለፈተናው ሳምንትም «አታት፣ የእናቴ ዘመዶች ጋ ልኬያታለሁ» ብላ ሸኘችኝ።

ወልቂጤ ከገቡት ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ነበርኩ። መኝታ ክፍላችን ውስጥ ስምንት ሆነን ስንተኛ ልጆቹ «እትዬ» ሊሉኝ ምንም አልቀራቸው። ጣቶቼ ከበርበሬው የተነሳ ቀይ ናቸው፤ ቢታጠቡም አይለቃቸውም። ኮምፒውተር ፊት ስቀመጥ እጄን ሁሉም የሚያየው መሰለኝ።

ከሒሳብ ፈተና በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ አንዲት ሃይሚ የምትባል የወልቂጤ ልጅ ከጎኔ አልጋ ላይ ደብተሯን ይዛ ታለቅሳለች። ጎበዝ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ስትመልስ ሰምቻታለሁ፤ ከኔ ትበልጣለች። ፕሮባቢሊቲ ብቻ ተደበላለቀባት።

«እህቴ፣ ይሄን ታውቂዋለሽ? አሳዪኝ እስቲ፣ በአላህ... በእግዚአብሔር» አለችኝ፤ የማን እንደምሆን ስላላወቀች ሁለቱንም ጠራችልኝ።

አውቀዋለሁ። ካንቺ ጋር የተከራከርንበት ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ወዲያው አልመለስኩላትም። «ቦታው ጥቂት ነው፤ እሷ አንድ ባገኘች ቁጥር እኔ ወደ ኋላ ነኝ» የሚል ነገር መጣብኝ። አሳስቼ ባስረዳትም ማንም አያውቅም። ሃይሚ ቲቸር ሽባባው የላትም። የምትጠይቀው ሌላ ሰውም አልነበራት። እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ስመለከት ቆየሁ።

ከዚያ ደብተሩን ተቀበልኳት። ትክክለኛውን ነው ያስረዳኋት፣ ሰልሚያ። ሁለት ጊዜ አስረዳኋት፤ እስክትስቅ ድረስ። ስትስቅም ቅናቱ አልሄደም፤ እዚያው አጠገቤ ተቀምጧል። እኔ ግን እሱ ያለኝን አላደረግኩም። ይህን ላንቺ ካልሆነ ለማን እነግረዋለሁ? ሌላ ሰው ቢሰማ «አንዲት ልጅ ሒሳብ ብታስረጂ ምን ይገርማል?» ይለኛል።

አሁን ወደ ወሬው ልምጣ። ውጤቱ ዛሬ ጠዋት ወጣ። ስልኩን ይዤ ጓሮ ገባሁና ቁጥሬን አስገባሁ። ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ስሜም የአባ ስምም ትክክል ነው።

አልፌያለሁ፣ ሰልሚ።

መጀመሪያ ምን እንዳደረግኩ ትገምቻለሽ? አላህን ከማመስገኔ በፊት ካንቺ ውጤት ቀነስኩት። አርባ ሁለት ያንሳል። እዚያው ቆሜ አርባ ሁለቱን ከየትኛው ትምህርት እንደጎደለኝ ሳሰላ ራሴን አገኘሁት። ከዚያ በራሴ ሳቅኩ፤ እየሳቅኩም አለቀስኩ። ይሄኛው እንባ ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ብቻዬን ነበርኩ።

አፉ በይኝ፣ እህቴ። ስለ ሰላሳ አንዱም፣ ስላቃጠልኳቸው ገጾችም፣ መነኻሪያ ላይ ሳልስምሽ ስለቀረሁትም። አንቺ ይቅር ካልሽኝ ቆይተሻል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ጠይቄሽ ስለማላውቅ ይቅርታሽ እስካሁን የኔ ሆኖ አልተሰማኝም። ዛሬ ጠይቄሻለሁ። ስለዚህ እንደገና በይኝ።

ሌላም ነገር አለ፣ እንዳይከፋሽ። የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሙሉ ሲሉን ጅማን አልሞላም። እማ «ከእህትሽ ጋር ብትሆኚ» ማለቷ አይቀርም። እኔ ግን «የሰልሚያ እህት» ተብዬ የማልጠራበት ቦታ እፈልጋለሁ። እዚያ ማንም ካንቺ ጋር ሳያስተያየኝ ምን እንደሆንኩ ልይ። ምናልባት ያን ጊዜ ስትመጪ ሮጬ የምቀበልሽ ዓይነት ሰው ሆኜ ታገኚኛለሽ። ምናልባትም አልሆንም፤ ከዚህ በኋላ ግን አልዋሽሽም።

አባ ገና አልሰማም። ይህን ስጨርስ ሄጄ እነግረዋለሁ። ካንቺ ቀድሜ የነገርኩት ሰው የለም፤ እማም ጭምር። ቢያንስ በዚህ አንደኛ አንቺ ብትሆኚ ቅር አይለኝም።

መልስሽን በወረቀት ላኪልኝ።

የምትቀናብሽ፣ የምትወድሽም
ታላቅሽ ዘይባ